መምህሩ ጃፓን ሄዶ ምን ይዞ ይመለስ?

የአንባቢዎች ጥያቄና መልስ

ስለ መምህራን የትምህርት ጉብኝት፣ በተለይም ስለ ጃፓን፣ ከጎጃም የደረሱንን ደብዳቤዎች አሳጥረን ከነመልሳቸው እናቀርባለን። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን በአንድ ላይ አድርገናል።

ከደብረ ማርቆስ

«12 ዓመት ያስተማርሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ጃፓን ለመምህራን ዕድል ትሰጣለች ይባላል። እዚህ አንድ ሰው “ፎርም አስሞላችኋለሁ” እያለ ከመምህራን ገንዘብ እየሰበሰበ ነው። ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው?»

ገንዘብዎን አይስጡ። ለዚህ ዕድል የማመልከቻ ክፍያ የለም። ፎርሙ አዲስ አበባ በሚገኘው የጃፓን ኤምባሲ በኩል በነፃ የሚገኝ ስለሆነ፣ ደላላው የሚሸጥልዎ ራስዎ አውርደው ማተም የሚችሉትን ወረቀት ነው።

የሰሙት የጃፓን መንግሥት ለመምህራን የሚሰጠው የሥልጠና ስኮላርሺፕ ነው፤ ብዙዎች በጃፓን የትምህርት ሚኒስቴር አጭር ስም «ሜክስት» ይሉታል። የሚወዳደርበት በአንደኛና በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ወይም በመምህራን ማሠልጠኛ ቢያንስ 5 ዓመት ያገለገለ መምህር ነው። የዩኒቨርሲቲ መምህራን አይገቡበትም። ቆይታው እስከ 1 ዓመት ከ6 ወር ይደርሳል። ጃፓንኛ ለማያውቅ ሰው የመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ገደማ በቋንቋ ትምህርት ያልፋሉ፤ ቀሪው ጊዜ በአንድ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ውስጥ ነው። የደርሶ መልስ ትኬትና የትምህርት ክፍያ ይሸፈናል። ወርኃዊ ድጎማው 143,000 የን ነው፤ በየዓመቱ ጥሪው ላይ ስለሚጻፍ እዚያው ያረጋግጡ። በመጨረሻ የሚሰጠው የምስክር ወረቀት እንጂ ዲግሪ አይደለም። «ማስተርስ ይዤ እመለሳለሁ» ብሎ ለሚሄድ መምህር ይህ ትልቅ ቅሬታ ስለሚሆን አስቀድመው ይወቁት።

እርስዎን የሚያሳስበው የዕድሜ ገደቡ ነው። በሚሄዱበት ዓመት ኤፕሪል 1 ቀን ዕድሜዎ ከ35 በታች መሆን አለበት። 12 ዓመት ካስተማሩ ጫፉ ላይ ሊሆኑ ስለሚችሉ የልደት ቀንዎን ወደ አውሮፓ አቆጣጠር በትክክል ይመልሱ። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 የተወለደ ሰው በዓመተ ምሕረቱ ላይ 7 ይደምራል፤ ከታኅሣሥ 23 በኋላ የተወለደ 8 ይደምራል። ጳጉሜን 6 ከሆነችበት ዓመት ቀጥሎ ባለው ዓመት ደግሞ ድንበሩ በአንድ ቀን ይቀድማል። ለምሳሌ ሚያዝያ 10 ቀን 1982 የተወለደ ሰው ልደቱ ኤፕሪል 18 ቀን 1990 ነው። ብዙ ማመልከቻ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፦ ፓስፖርቱ በአንድ አቆጣጠር፣ የሥራ ልምዱ በሌላ፣ ዲፕሎማው በሦስተኛ ይጻፍና አንዱ ሰው ሦስት ዕድሜ ይኖረዋል። የአያት ስም አጻጻፍም እንዲሁ ነው። የእንግሊዝኛ ፊደሉን በፓስፖርቱ ልክ አድርጉልኝ ብለው ከወረዳ ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የሥራ ልምድዎን አዲስ ያጽፉ፤ ቁጥር፣ ቀንና ክብ ማኅተም እንዳይጎድለው።

ሁለተኛው መንገድ ጃይካ (የጃፓን ዓለም አቀፍ ትብብር ኤጀንሲ) ነው። የጃይካ አጫጭር ሥልጠናዎች ከጥቂት ሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት የሚወስዱ ሲሆን፣ ማንም ግለሰብ በራሱ አያመለክትም። ጥሪው ለመንግሥት መሥሪያ ቤት ይደርሳል፤ መሥሪያ ቤቱም ሰው ይመድባል። ስለዚህ መምህሩ ኤምባሲ ደጅ ከመጥናት ይልቅ በዞን ትምህርት መምሪያና በባሕር ዳሩ ክልል ትምህርት ቢሮ ሥራው ቢታወቅለት ይጠቀማል። ፊዚክስ አስተማሪ እንደመሆንዎ አንድ ነገር ይጠቅምዎታል፦ ጃይካ በኢትዮጵያ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሒሳብና የሳይንስ ትምህርትን በማጠናከር ሥራ ላይ ነበር። በጉድኝት ማዕከልዎ በዚያ መስመር የሠሩት ነገር ካለ በጽሑፍ ይያዙት፤ ለቃለ መጠይቅም ይሆንዎታል።

መንገድና ኔትወርክ በሚቋረጥበት ወቅት የመዝጊያውን ቀን ጠብቆ ዓባይን ለመሻገር መነሣት አደጋ አለው። ወረቀቱ ቢያንስ ሁለት ሳምንት ቀድሞ አዲስ አበባ ይግባ።

ከፍኖተ ሰላም

«ርዕሰ መምህር ነኝ። አንድ በጎ አድራጊ ስድስት መምህራንን ለሁለት ሳምንት ለልምድ ልውውጥ ወደ ጃፓን ሊልክልን አስቧል። ትምህርት እንዳይጓደል በሐምሌና በነሐሴ ብንሄድ ይሻላል ብለናል። ትክክል ነን?»

ሐሳቡ ደግ ነው፤ ቀኑ ግን ያከሽፈዋል። የጃፓን የትምህርት ዘመን በኤፕሪል ተጀምሮ በማርች ያልቃል፤ የበጋ ዕረፍታቸውም በአብዛኛው ከጁላይ 20 ገደማ እስከ ኦገስት 31 ነው። በእኛ ከሐምሌ 13 እስከ ነሐሴ 25 መሆኑ ነው። የእኛ ክረምት ከእነሱ ዕረፍት ጋር ይገጥማል። ነሐሴ ላይ ብትሄዱ ያማረ ግቢ፣ የተቆለፈ በርና ባዶ ክፍል ታያላችሁ፤ የሚቀራችሁ ቤተ መቅደስና ሙዚየም ብቻ ነው። በዚያ ላይ ከነሐሴ 7 እስከ 10 ሕዝቡ ለሙታን መታሰቢያ በዓል ወደየትውልድ ቀዬው ስለሚጓዝ ባቡሩም ማደሪያውም ይጨናነቃል፤ ሙቀቱም የደጋ ሰው የሚችለው አይደለም።

የሚሻላችሁ ከሰኔ 20 አካባቢ እስከ ሐምሌ 10 ያለው ጊዜ ነው። ፈተና አርማችሁ፣ ሮስተር ሞልታችሁ ትጨርሳላችሁ፤ እነሱ ደግሞ ገና ክፍል ውስጥ ናቸው። ዝናብ ይኖራል፤ ለጎጃም ሰው የሰኔ ዝናብ እንግዳ አይደለም። ሁለተኛው ክፍተት ከነሐሴ 26 እስከ መስከረም መግቢያ ነው፤ ያኔ ግን ምዝገባ ስለሚጀመር መምህራኑን ወረዳው ይፈልጋቸዋል።

ለቪዛው ከጃፓን በኩል የሚጋብዛችሁ ትምህርት ቤት ወይም ድርጅት ሦስት ወረቀት ይልካል፦ የጥሪ ምክንያት ደብዳቤ፣ የቀን በቀን መርሐ ግብርና ወጪውን የሚሸፍን የዋስትና ደብዳቤ። መርሐ ግብሩ ላይ እያንዳንዱ ቀን የት እንደምታድሩና የማደሪያው ስልክ መኖር አለበት። «ከ3ኛው እስከ 9ኛው ቀን፦ ጉብኝት» ተብሎ የተጻፈ መርሐ ግብር ጥያቄ ያስነሣል። ማመልከቻው ምንም ካልጎደለው ቢያንስ አምስት የሥራ ቀን ይፈጃል። ቪዛው ከተሰጠ በኋላ በሦስት ወር ውስጥ ካልተገባበት ይቃጠላል፤ እጅግ ቀድሞ ማውጣትም አይበጅም።

ከ14ቱ ቀን ቢያንስ ስድስቱን በአንድ ትምህርት ቤት አሳልፉ። በቀን አንድ ትምህርት ቤት እየቀያየሩ አሥር ቦታ መርገጥ የእንግዳ አቀባበልን ብቻ ያሳያል። በሦስተኛው ቀን ነው ልጆቹ እናንተን ማየት ትተው ወደ ሥራቸው የሚመለሱት። የባቡር ማለፊያ ካርድም ከአንድ ከተማ ካልወጣችሁ አትግዙ፤ የሰባት ቀኑ ከ2023 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ 50,000 የን ገብቷል።

ከሞጣ

«ጾመኛ ነኝ፤ አብሮኝ የሚጓዘው ባልደረባዬ ሙስሊም ነው። ምን እንበላለን?»

ጉዞው በሰኔ መጨረሻ ከሆነ የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 አለ፤ ነሐሴም ከሆነ ፍልሰታ። ችግሩ ሥጋው አይደለም፤ ሥጋ ይታያል። ችግሩ መረቁ ነው። «ዳሺ» የሚሉት የምግባቸው መሠረት በብዛት ከደረቀ ዓሣ ይወጣል። በሾርባው፣ በኑድሉ ማጥለቂያ፣ በተቀቀለው አትክልት፣ አንዳንዴም በእንቁላሉ ውስጥ አለ። «አትክልት ብቻ» ብለው ያዘዙት ሳህን በዓሣ መረቅ ተቀቅሎ ይመጣል፤ አስተናጋጁም አልዋሸም፣ በእሱ ቋንቋ መረቅ ዓሣ አይባልም። ስለዚህ «ዓሣ አልበላም» ከማለት «የዓሣ ዳሺም አልበላም» ማለት ያስፈልጋል። ቃላቱ እነዚህ ናቸው፦ ኒኩ ሥጋ፣ ቡታኒኩ የአሳማ ሥጋ፣ ሳካና ዓሣ፣ ታማጎ እንቁላል፣ ግዩንዩ ወተት። ጋባዣችሁን በጃፓንኛ በካርድ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁና በየምግብ ቤቱ አሳዩት።

ያለ ጭንቀት የሚበላው ነጭ ሩዝ፣ ቶፉ (ከአኩሪ አተር የሚሠራ) ያለ መረቅ፣ በጨው የታሸ ፕለም የገባበት የሩዝ ድብልብል (ኦኒጊሪ) እና ፍራፍሬ ነው። ከቡድሃ ገዳማት የወጣው «ሾጂን» የተባለ አበሳሰል ሥጋም ዓሣም የለውም፤ መረቁም ከባሕር ቅጠል ነው። ኪዮቶ ላይ በቀላሉ ይገኛል፣ ዋጋው ግን ከፍ ይላል። ለሁለታችሁም ራመን የሚሉት የኑድል ሾርባ መረቅ ጥንቃቄ ይፈልጋል፤ ብዙው የአሳማ አጥንት ነው።

ከቤት ሽሮና በሶ እንያዝ ካላችሁ በአውሮፕላን ማረፊያው አሳውቃችሁ አስፈትሹ። ቋንጣ ግን ፈጽሞ አይግባ፤ ያለ ምርመራ ሰርተፍኬት የሥጋ ውጤት ይዞ መግባት በሕግ ያስጠይቃል።

ከቢቸና

«የአማርኛ መምህርት ነኝ። በአጭር ጊዜ ጃፓንኛ ማንበብ ይቻላል ወይ? ጽሕፈታቸው ያስፈራል።»

እርስዎ ከብዙ አገር መምህር ይልቅ ይቀልዎታል፤ ምክንያቱ ፊደላችን ነው። ጃፓኖች ከቻይና የወሰዱት ውስብስብ ምልክት (ካንጂ) እንዳለ ሆኖ፣ «ሂራጋና» የተባለው 46 ምልክት ያለው ጽሕፈታቸው እንደ ፊደላችን አንዱ ምልክት አንድ ሙሉ ድምፅ ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ተነባቢና አናባቢ አጣብቆ አንድ ምልክት ማየት መልመድ አለበት፤ እርስዎ ግን ከ«ሀ ሁ» ጀምሮ ለምደውታል።

አናባቢዎቻቸው አምስት ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸውም ኣ፣ ኢ፣ ኡ፣ ኤ፣ ኦ ነው። በእኛ ራብዕ፣ ሣልስ፣ ካዕብ፣ ኃምስ፣ ሳብዕ። ስለዚህ ገበታቸውን በዚህ መልክ ያንብቡት፦ ካ ኪ ኩ ኬ ኮ፤ ና ኒ ኑ ኔ ኖ እያሉ ይቀጥላሉ። ግዕዙና ሳድሱ የሉም፤ ከሳድስ ያለቻቸው «ን» ብቻ ናት። የሚያሳስቱ አራት ቦታዎች አሉ፦ «ሲ» በሚጠበቅበት ሺ፣ «ቲ» በሚጠበቅበት ቺ፣ «ቱ» በሚጠበቅበት ትሱ፣ «ሁ» በሚጠበቅበት ፉ ይመጣል። ጠ፣ ቀ፣ ጨ፣ ጸ፣ ጰ የላቸውም፤ ለና ረንም አይለዩም። በዚህ ምክንያት ጎጃም «ጎጃሙ» ይሆናል፤ በሳድስ የሚያልቅ ቃል አናባቢ ይጨመርበታል። ለባዕድ ቃልና ለባዕድ ስም «ካታካና» የሚባል ሌላ 46 ስላለ የእርስዎም ስም በዚያ ይጻፋል። በቀን አምስት ምልክት ቢይዙ ሁለቱን በሦስት ሳምንት ይጨርሳሉ። ካንጂውን ይተዉት፤ የእነሱም ልጆች በአንደኛ ደረጃ ስድስት ዓመት ሙሉ የሚማሩት 1,026 ነው።

የጎጃም የአማርኛ መምህርት ባዶ እጅዋን አትሄድም። በጃፓን ልጆች በ5፣ በ7 እና በ5 ቀለም የሚለካ አጭር ግጥም፣ ሃይኩ፣ በትምህርት ቤት ይጽፋሉ። ባለ ሁለት ቤቱን ጉባኤ ቃና አንድ ይዘው ይሂዱ፤ ሰሙን በነጭ፣ ወርቁን በቢጫ ጠመኔ ጽፈው ያሳዩ። ስለ አገራችን ከሚነገር የአንድ ሰዓት ገለጻ ይህ አሥር ደቂቃ ይበልጣል።

ከአዴት

«እዚያ ደርሰን ምን ላይ እናተኩር? ስንመለስ ወረዳው ሪፖርት ይጠይቀናል፤ ባለፈው ከሌላ አገር ጉብኝት የመጣው ሪፖርት ስለ ኮምፒውተርና ስለ ሕንፃ ነበር፤ እኛ ዘንድ አንዱም አልተሠራበትም። ክፍላችን ውስጥ 70 ተማሪ አለ።»

ገንዘብ የማይጠይቀውን ነገር ፈልጉ። ሁለቱን በዝርዝር እንንገራችሁ።

አንደኛው ጽዳቱ ነው። «እኛም እናስጠርጋለን» ትሉ ይሆናል። ልዩነቱን ቆማችሁ እዩት። ጽዳቱ በክፍለ ጊዜ ሰሌዳው ላይ ተጽፎ በየቀኑ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ይሰጠዋል። ሰዓቱ ሲደርስ ልጆች ወንበሩን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው ሁሉንም ወደ ኋላ ይገፋሉ፤ የፊተኛው ግማሽ ይጠረጋል፣ በእርጥብ ጨርቅ ይታሻል፤ ከዚያ ጠረጴዛው ወደ ፊት ይመጣና የኋላው ይጸዳል። ጨርቁን እንዴት እንደሚጨምቁት ልብ በሉ፤ ውኃ የሚንጠባጠብ ጨርቅ ወለሉን ያጨቀያል፣ ይህንንም አንደኛ ክፍል ላይ ይማራሉ። መምህሩም ጨርቅ ይዞ ይንበረከካል። በመጨረሻ ቡድኑ ክብ ሠርቶ ምን እንደቀረ በአንድ ደቂቃ ይናገራል። በእኛ ብዙ ትምህርት ቤት ግን መጥረጊያ የሚጨብጠው ያረፈደ ነው። ጽዳት ቅጣት ከሆነ በኋላ ማንም ልጅ ወዶ አያደርገውም። መጀመሪያ መለወጥ ያለበት ይህ ነው፦ ለሚያረፍድ ሌላ እርምት ፈልጉለት። የአፈር ወለል ያለው ክፍል በጨርቅ አይታሽም፤ ውኃ አርከፍክፎ መጥረግ፣ ጥቁር ሰሌዳውንና መስኮቱን ማጽዳት በቂ ነው። 70 ልጅ በአንዴ አያጸዳም፤ በ10 ቡድን ከፍላችሁ ሁለቱ ክፍሉን፣ ሌሎቹ ግቢውን፣ የውኃ ቦታውንና መንገዱን በሳምንት ተራ ይያዙ። መጸዳጃ ቤቱን ያለ ሳሙናና ያለ ውኃ ለልጅ አትስጡ።

ሁለተኛው «ጁግዮ ኬንክዩ» የሚሉት የክፍለ ጊዜ ጥናት ነው። በተሙማ (በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ) ስም ሰነድ ከማጠራቀም የሚያድነን ይህ ነው ብለን እናምናለን። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከአራት እስከ ስድስት የሚሆኑ መምህራን ልጆች ሁልጊዜ የሚሰናከሉበትን አንድ ርዕስ ይመርጣሉ። ክፍልፋይ መደመር ይሁን እንበል፤ 1/2 + 1/3 ተብሎ ሲጠየቅ ግማሹ ክፍል 2/5 ይላል። ሁለት ሦስት ጊዜ ተገናኝተው ዕቅድ ያወጣሉ። ዕቅዱ ከእኛ የሚለየው «ተማሪው ምን ሊመልስ ይችላል» የሚል ዓምድ ስላለው ነው። 2/5 የሚለው ስሕተት እዚያ ይጻፋል፤ መምህሩ በምን ጥያቄ እንደሚመልሰው ከጎኑ ይጻፋል፤ ለምሳሌ «2/5 ከ1/2 ይበልጣል ወይስ ያንሳል?»

ከዚያ አንዱ ያስተምራል፣ ሌሎቹ ያያሉ። የሚያዩት ግን መምህሩን አይደለም። እያንዳንዱ ተመልካች የመቀመጫ ካርታ ይዞ ከሦስት እስከ አራት ልጆች ብቻ ይከታተላል፤ ደብተራቸው ላይ የጻፉትን፣ የሰረዙትን፣ ቆመው የቀሩበትን ደቂቃ ይመዘግባል። 70 ተማሪ ባለበት ክፍል ለአንድ ተመልካች አንድ ዴስክ ይበቃዋል። ሲሳሳቱ አይነግራቸውም። በዚያው ቀን አንድ ሰዓት ያህል ይወያያሉ፤ መጀመሪያ ያስተማረው ይናገራል፤ ቀጥሎ ተመልካቾች የመዘገቡትን ያነባሉ። ዕቅዱ ይታረምና ሌላው መምህር በሌላ ሴክሽን ያስተምረዋል።

የሚበላሽባቸውን ቦታዎች እናውቃቸዋለን። ሱፐርቫይዘሩ ነጥብ ሊሰጥ ሲመጣ መምህሩ ልጆቹን አስቀድሞ ያለማምዳቸዋል፤ ያኔ ጥናት አይደለም። ውይይቱ «ድምፅህ ጥሩ ነበር፣ ጊዜ አጠቃቀምህ ግን...» ሲሆንም ከሽፏል። በዓመት ስምንት ጊዜ ብለው ያቀዱ በሁለተኛው ይደክማሉ፤ በመንፈቅ አንድ ይበቃል።

እግረ መንገዳችሁን የሰሌዳ አጻጻፋቸውን ፎቶ አንሡ። የጃፓን መምህር በ45 ደቂቃ ውስጥ የጻፈውን አያጠፋም። ጥያቄው በግራ፣ የልጆች ልዩ ልዩ መልስ መሐል፣ የተደረሰበት በቀኝ ይቀመጣል፤ ያንቀላፋው ልጅ እንኳ ሲነቃ ሐሳቡ ከየት እንደመጣ ያያል። የእኛ ሰሌዳ ቢጠብም በሁለት መስመር ለሦስት መክፈል ይቻላል። የልጆችን ፊት ግን ያለ ፈቃድ አታንሡ።

ከቡሬ

«የሻይ ሥነ ሥርዓት ላይ እንጋበዛለን ተብሏል። እንዳናፍር ምን እናድርግ?»

መጀመሪያ የቀረበላችሁን ጣፋጭ ሙሉ በሙሉ ብሉት፤ ሻዩ መራራ ስለሆነ እየቀያየሩ መብላት የለም። ከዚያ ጎድጓዳው ሲቀርብ በቀኝ እጅ አንሥታችሁ በግራ መዳፍ ላይ ታስቀምጣላችሁ፤ በቀኝ እጅ ወደ ቀኝ ሁለት ጊዜ ጥቂት ጥቂት ታዞሩታላችሁ። ያማረው ፊቱ ወደ እናንተ ነው የቀረበው፤ በዚያ ላይ አፍ ላለማድረግ ነው የሚዞረው። በሦስት ጉንጭ ገደማ ይጠጣል፤ የመጨረሻዋን በድምፅ መሳብ ነውር አይደለም፣ ጨረስሁ ማለት ነው። አፋችሁ የነካበትን በጣት ጠርጋችሁ ፊቱን ትመልሳላችሁ። ምንጣፉ ላይ በጫማም በነጠላ ጫማም አይወጣም፤ ንጹሕ ካልሲ ያዙ። ጉልበት የሚያመው ሰው ወንበር ቢጠይቅ ይሰጡታል፤ ተንበርክኮ እግሩ እስኪደነዝዝ ዝም ማለት የለበትም።

ከእኛ ቡና ጋር እያነጻጸራችሁ እዩት። እኛ ዘንድ ጨዋታው ዋናው ነው፣ እጅ በልማድ ይሠራል፤ እነሱ ዘንድ ወሬው ጥቂት ሆኖ እጁ ይታያል። ከ2 ግራም የማይበልጥ ዱቄት በ70 ሚሊ ሊትር ገደማ ውኃ ተመትቶ ሰው እስኪጠጣው ድረስ እያንዳንዱ እንቅስቃሴ ቦታ አለው። ስጦታ ለምትሉት የተቆላ ቡና ወይም የሸማ ሥራ ይሁን፤ ጥሬ ቡናና የእህል ዘር የዕፅዋት ጤና ሰርተፍኬት ይጠየቅበታል፣ የስንደዶ ሙዳይም ፍተሻ ላይ ሊያዝ ይችላል። በሁለት እጅ ይሰጣል። አራት ፍሬ አትስጡ፤ የአራት ቁጥር አጠራር ሞት ከሚለው ቃል ጋር ይመሳሰላል።

ከዳንግላ

«ጥቃቅን ነገሮች፦ ቻርጀር፣ መድኃኒት፣ ሰዓት?»

መብራታቸው 100 ቮልት ነው፤ ሶኬቱም ሁለት ጠፍጣፋ ቀዳዳ። ቻርጀራችሁ ላይ «100–240» ተብሎ ከተጻፈ ማያያዣ ብቻ ይበቃል፤ «220» ብቻ የሚል የፀጉር ማድረቂያ ወይም ካውያ አትያዙ። በሐኪም የታዘዘ መድኃኒት እስከ አንድ ወር የሚበቃ ከነማዘዣው ይያዝ። ፕሱዶኤፌድሪን በብዛት ያለባቸው የጉንፋን ክኒኖች የተከለከሉ ስለሆኑ የጉንፋን መድኃኒት ከዚህ ይዛችሁ አትሂዱ።

ሰዓቱን በሚመለከት፦ ጃፓን ከእኛ በስድስት ሰዓት ይቀድማል። የእኛ አቆጣጠርም ከሌላው ዓለም የሚለየው በስድስት ሰዓት ነው። ስለዚህ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ናሪታ (የቶኪዮ አውሮፕላን ማረፊያ) ሲደርሱ መነካት የለበትም፤ እዚህ ከጧቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀትር በኋላ 2 ሰዓት ነው። የሚያሳስተው ልማዱ ነው፦ ጋባዣችሁ «ጧት 9 ሰዓት» ካለ እጃችሁ ላይ 9 ሲል ድረሱ፤ በእኛ ቋንቋ ሦስት ሰዓት ማለት ነው ብላችሁ አትቀይሩት። ማታ 9 ሰዓት ላይ ዳንግላ ብትደውሉ ቤታችሁም ዘጠኝ ሰዓት ነው፤ ልጆቹ ከትምህርት ቤት ሊወጡ የተቃረቡበት።